መሬቱን አሳዪኝ

ጤና አዳሜን ነቅዬ ልጥለው አካፋ ይዤ የወጣሁት በ2015 ዓ.ም. መጋቢት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቆርጬ ነበር። አንድም ጤነኛ ቅጠል አልቀረለትም። ግንዱ አመድ መስሏል። ጫፉን ስነካው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ክረምቱን ሙሉ ታግሼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ቦታው ላይ ቲማቲም እተክላለሁ ብዬ አንድ እግሬን አካፋው ላይ አሳርፌ ነበር። ያኔ ስልኬ ጮኸ።

እማዬ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትደውላለች። እኔ ያለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ጠዋት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ ቡናዋን የምትጨርስበት ጊዜ ነው። በቪዲዮ አካፋውን አየችና "ምን ልትቆፍሪ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የተባባልነው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ።

ተክሉ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ግን ቀድሜ ልናገር። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራላ።

## ጋቢ የለበሰው ተክል

ችግኙን የሰጡኝ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ እናት ናቸው። በእርጎ ዕቃ ተክለው፣ በፌስታል ጠቅልለው፣ "ውሃ እንዳታበዢበት" ብለው ሰጡኝ። እኔ የሰማሁት "ውሃ" የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ። ግንቦት ላይ ከኩሽናው በር ሁለት እርምጃ፣ ግድግዳው ጥግ ተከልኩት። የመረጥኩት ለእሱ ብዬ አይደለም፣ ለራሴ ነው። ቡናው ሲንተከተክ እጄን ሰድጄ አንድ ጫፍ ለመቀንጠስ። በጋውን እንደ ጉድ አደገ። ነሐሴ ላይ ከጉልበቴ አልፏል።

እዚህ የችግኝ መደብሮች "ሩ" ብለው የሚሸጡት አንድ ተክል አለ። የኛው ዘመድ ነው እንጂ የኛው አይደለም። መለየት የሚፈልግ አበባውን ይይ። የኛው ጤና አዳም ቢጫ አበባ ጫፉ እንደ ነጠላ ዘርፍ የተንዘረዘረ ነው። የዚያኛው ጠርዝ እንዲህ አይንዘረዘርም። ልዩነቱ ለዓይን ብቻ አይደለም። የመደብሩ ብርድ ይችላል። የኛው ግን የሜዲትራኒያን ዳርቻ ዘር ስለሆነ ከባድ ብርድ ሲመጣበት ቶሎ እጁን ይሰጣል።

ብርዱ የመጣው ታኅሣሥ 14 ቀን ነው፣ የፈረንጆቹ 2022 ገና ሁለት ቀን ሲቀረው። ከዚያ በፊት ዝናብ ነበር። ጠዋት ስወጣ ካፖርቱ ከብዶኝ ቁልፉን ከፈትኩት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ፊት ይቆርጥ ጀመር። ሌሊቱን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደረሰ። በዚያው ማዕበል ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ባፋሎ ከተማና አካባቢዋ ከ40 በላይ ሰው ሞቷል። ሰው እየሞተ ስለ አንድ ቁጥቋጦ ማውራት ያሳፍራል፤ እኔም ያኔ ለማንም አላወራሁም።

ግን በሌሊት ተነሥቼ ጋቢዬን አለበስኩት። እውነቴን ነው። በስልኬ መብራት እየተደናበርኩ ጋቢውን ጠቀለልኩበት፣ በላዩ የላስቲክ ከረጢት አጠለቅኩ። ተክሉ ዝናብ ጠጥቶ ስለነበር ጋቢው ቅጠሉ ላይ ተጣበቀ። ጠዋት ሳነሣው ጋቢው እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሥር ያለው ቅጠል ጠቁሮ የተቀቀለ ጎመን መስሏል።

ጨርቅ ማልበሱ በራሱ ስህተት አልነበረም። የመሬቱን ሙቀት እንዲይዝ እስከ ታች ድረስ መውረድ ነበረበት። ቅጠሉን እንዳይነካ ዙሪያውን እንጨት ተክሎ እንደ ድንኳን መወጠር ነው። ላስቲክ ደግሞ ቅጠል የነካበት ቦታ ላይ ብርዱን እንዳለ ያሳልፋል። ጠዋት ሲሞቅ መገፈፍም አለበት። ይህን ሁሉ ያነበብኩት በኋላ ነው። የዚያን ሌሊት የማውቀው የበረደው ሰው ጋቢ እንደሚለብስ ብቻ ነበር።

ቅጠሉን ያጠቆረው ብርዱ ብቻ ሳይሆን በረዶው ነው። ሲቀዘቅዝ በሴሎቹ መካከል ያለው ውሃ ቀድሞ ይረጋል። የረጋው በረዶ ደግሞ ከሴሉ ውስጥ ያለውን ውሃ እየሳበ ያደርቀዋል። ሽፋኑ ይቀደዳል። ፀሐይ ወጥታ ሲቀልጥ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል። ያ የተቀቀለ ጎመን መልክ የሚመጣው ከዚህ ነው።

## የቸኮለችው

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱን ለአየሩ መስጠት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን የራሴ ነው።

መጀመሪያ ቆረጥኩት። የጠቆረ ነገር ዓይኔ ስለማይወድ ጥር ላይ መቀስ ይዤ የሞተ የመሰለኝን ሁሉ አነሣሁ። መተው ነበረበት። የሞተው ቅጠል አስቀያሚ ቢሆንም ከሥሩ ላለው ግንድ ልብስ ነው። በዚያ ላይ የትኛው እንደሞተና የትኛው እንደተኛ በጥር አይታወቅም። የካቲት ላይ ቀኑ ሞቅ ሲል ከቆረጥኩበት ሥር ትንንሽ ቡቃያ ወጣ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አመዳይ ወረደና ለቀመው።

ቀጥሎ የተረፉት ሁለት ሦስት ቀንበጦች ጠወለጉ። የጠወለገ የጠማው ነው ብዬ ውሃ አጠጣሁት። አልተነሣም። አነሰው ብዬ ጨመርኩ። ማዳበሪያም በጥብጬ ሰጠሁት፣ ለአቅም እንዲሆነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን መልቀምም አልቻልኩም፤ ያፈሰስኩት ውሃ ነዋ።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ አካፋ የያዘችው ሴት ይህችው ነበረች።

## ሁለት ደቂቃ

"ውርጭ መታው እማዬ። አለቀለት" አልኳት።

ሳቀች። "ውርጭ?" አለችኝ። "የደብረ ብርሃንን ሰው ስለ ውርጭ ልታስተምሪ ነው?"

እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው። ልጅ ሆነን ጠዋት ስንወጣ ሣሩ ነጭ ነበር፣ ስንረግጠው ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ባቄላው በአንድ ሌሊት ተመትቶ ሲያድር አይተናል።

"የኛ የጓሮው ስንት ዓመት ተመታ" አለች። "ከላይ ይጠቁራል፣ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ውርጭ ጤና አዳምን እንዲህ ጨርሶ አያደርገውም።"

የማታምነኝ መስሎኝ ስልኩን ወደ ግንዱ አስጠጋሁ። የተሰበረውን ጫፍ፣ አመድ የመሰለውን ቅርፊት አንድ በአንድ አሳየኋት። ትንሽ ዝም ብላ አየችና "እሱን ተይው" አለችኝ። "መሬቱን አሳዪኝ።"

አልገባኝም። ስልኩን ወደ ታች አዞርኩት።

"ቀረብ አድርጊው። ያ የሚያብለጨልጨው ምንድን ነው?"

"ውሃ ነው። ትናንት ዘንቦ ነበር።"

"የትናንት ዝናብ ዛሬ እዚህ ምን ይሠራል?"

መልስ አልነበረኝም። "እስቲ ወደ ላይ አዙሪው" አለችኝ። ግድግዳው ታየ። ግድግዳው ላይ የጣሪያውን ውሃ የሚያወርደው የአሸንዳ ቱቦ ታየ። የቱቦው አፍ ከጤና አዳሙ ግንድ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው።

"ኧረ አንቺ ልጅ!" አለች እማዬ። "አሸንዳ ሥር ተክለሽው ነው ውርጭ መታው የምትዪኝ?"

ከዚያ ቱቦ አጠገብ አሥር ወር ሙሉ በቀን አራት ጊዜ አልፌያለሁ። ቡና ባፈላሁ ቁጥር እጄን የሰደድኩት በቱቦው ጎን ነው። አላየሁትም ማለት አልችልም፣ ሳላየው እንዴት አልፌው እሄዳለሁ? ግን አንድም ቀን "ይህ ውሃ የት ይሄዳል?" ብዬ አልጠየቅኩም።

## ክረምት የሚባለው ነገር

ለምን እንዳልታየኝ ብዙ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት ቃሉ ይመስለኛል።

እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ማለታችን ነው። ሰኔ ይገባል፣ መስከረም ይወጣል። ውርጭ የሚመጣው በበጋ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መሬቱ ደርቆ። ለደገኛ ሰው ሁለቱ ጠላቶች ተራ ያላቸው ናቸው። አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። እዚህ መጥቼ "ዊንተር"ን ክረምት ብዬ ጠራሁት። ክረምት ካልኩት በኋላ የገረመኝ ብርዱ ስለሆነ ያየሁት ብርዱን ብቻ ነው። ዝናቡማ የማውቀው የክረምት ዝናብ ነው፣ ምን ያደርጋል? ግን እዚህ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ። ያውም ተክሉ ተኝቶ ባለበት፣ ውሃ በማይጠጣበት፣ ፀሐይዋም የፈሰሰውን ማድረቅ በማትችልበት ወር።

እማዬ የተወለደችው እነዋሪ ነው። ያን አገር የሚያውቅ ሰው አፈሩን ያውቃል። ሜዳ ላይ የተዘረጋ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት። ስለዚህ የእነዋሪ ገበሬ ከዘራ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ሴቱም ልጁም አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብ ያወጣል። በመደቡ መካከል ውሃው በቦይ ይወርዳል፣ እህሉ ከፍ ብሎ ይቆማል። እማዬ በልጅነቷ ያደገችው ይህን እየሠራች ነው። ጥፍሯ ውስጥ የገባው ጭቃ እስከ መስቀል እንደማይለቅ ትነግረን ነበር። እንዲህ ያለች ሴት የታመመ ተክል ሲያሳዩዋት መጀመሪያ የምታየው መሬቱን ነው። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያደግኩ ይመስል ቅጠል ቅጠሉን አያለሁ።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ይበልጥ ገባኝ። ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል አየር ያለበት ክፍተት አለ። ውሃ ሲተኛ ክፍተቱ ይሞላና ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ላይ ውሃ ወዳድ ሻጋታዎች ይሰፍራሉ። አንደኛው ፋይቶፍቶራ ይባላል። የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ በ1840ዎቹ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስራበው የዚሁ ወገን ነው። ሥሩ ሲበሰብስ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። ለዓይን ግን የጠማው ነው የሚመስለው። እኔ ያን አይቼ ነው ባልዲ ያነሣሁት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ይህን ተረት ሁልጊዜ ስለ ወንዝና ስለ ክፉ ወዳጅ ነበር የምሰማው። ውርጩ በአንድ ሌሊት መጣ፣ ቴሌቪዥኑ ስለ እሱ አወራ፣ ጠዋት ምልክቱን አየሁ። ውሃው ግን ሦስት ወር ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ነበር። ስለዚህ ውርጩን ከሰስኩ። ከውጭ የመጣ ወንጀለኛ ደግሞ ደስ ይላል፣ የራስን እጅ አያሳይም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እማዬ አዲስ አመል አመጣች። "እንዴት ነሽ?" ትለኛለች፣ "ደህና ነኝ" እላታለሁ፣ ፊቴን ታያለች። ከዚያ "ፊትሽን ተይው፣ ፍሪጅሽን ክፈቺና አሳዪኝ" ትለኛለች። የመጀመሪያው ቀን ውስጡ ግማሽ ሎሚና የሰናፍጭ ብልቃጥ ነበር። አሁን ዓርብ ማታ ገበያ እወጣለሁ።

## እንደ ካልሲ የሚወልቅ ሥር

ወደ ተክሉ ልመለስ። እማዬ ስልኩን ሳትዘጋ "ከታች፣ መሬቱ አጠገብ በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው" አለችኝ። ፋቅሁት። ከግራጫው ቅርፊት ሥር ክር የምታህል አረንጓዴ መሥመር ታየች። እጄን አሸተትኩ። ያ ሽታ አለ። ከላይ ፋቅሁ፣ ቡናማና ደረቅ። ከታች ግን አረንጓዴ። በሕይወት አለ ማለት ነው።

አካፋውን ለሌላ ሥራ አዋልኩት። ከግንዱ ራቅ ብዬ ዙሪያውን ቆፈርኩና ከነአፈሩ አነሣሁት። አፈሩ ሊጥ ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ያ ቀላ ያለ ሸክላ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። ሽታው የከረመ እንቁላል ነው። አየር ያላገኘ አፈር እንዲህ ይሸታል።

ሥሩን በቀስታ አጠብኩት። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፣ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ልባሱ እንደ ካልሲ ይወልቅና ውስጡ ቀጭን ክር ይቀራል። ሁለት እጅ ያህሉ ካልሲውን አወለቀ። መቀሴን በአልኮል እየጠረግኩ የበሰበሰውን ሁሉ ቆረጥኩ። የቀረው አንድ ጭብጥ አይሞላም።

ከዚያ ታቹ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማሰሮ ተከልኩት። ግማሹ የማሰሮ አፈር፣ ግማሹ ሻካራ አሸዋና ፐርላይት የሚባለው ቀላል ነጭ ጠጠር። ያልተቀባ ሸክላ በጎኑ ስለሚተነፍስ ውሃ አይዝም። ታቹ ላይ ጠጠር መደርደር ይረዳል የሚባለውን ተውኩት። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ይቋጥራል እንጂ። ማሰሮውን በረንዳው ጣሪያ ሥር፣ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበትና ዝናብ በማይደርስበት ቦታ አስቀመጥኩ። ማዳበሪያ የለም። የቆሰለ ሥር ላይ ማዳበሪያ ማድረግ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። ውሃ የምሰጠው ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከትቼ ደረቅ ሆኖ ሳገኘው ብቻ።

ከዚያ ምንም። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ይህን ያህል የከበደኝ ሥራ የለም። ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ እወጣና ፊት ለፊቱ እቆማለሁ፣ ምንም የለም። አንድ ሁለቴ እንደገና ለመፋቅ እጄ ተነሥቶ መለስኩት። ባሌ "የሞተ እንጨት ነው የምትጠብቂው" ይለኛል። እማዬ ቅዳሜ ትደውላለች፣ "ምን አለ?" ትላለች፣ "ምንም" እላለሁ፣ "ጥሩ" ትላለች። ምኑ ነው ጥሩ?

ፋሲካ ሚያዝያ 8 ዋለ። ዶሮው ተሠራ፣ እንግዳ መጣ፣ ረሳሁት። በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ኩሽናው ሞቆኝ ወደ በረንዳ ስወጣ ከግንዱ ግርጌ አንዲት ነጥብ አየሁ። ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። አረንጓዴ ናት፣ ያውም ያን ሰማያዊ የሚያድርበትን የጤና አዳም አረንጓዴ። በማግሥቱ ሦስት ሆኑ።

መቁረጥ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው፣ በጥር አይደለም። በኛ አካባቢ የመጨረሻው አመዳይ አብዛኛውን ጊዜ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ያልፋል። ቡቃያው ደግሞ ሕያው የሆነው ክፍል የት እንደሚያልቅ ራሱ ያሳያል። ከቡቃያው ትንሽ ከፍ ብዬ የሞተውን ሁሉ አነሣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ እጀ ጉርድ ለብሻለሁ፣ እየዘፈንኩ ነው የምቆርጠው።

በሁለተኛው ቀን ክንዴ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ወጣ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲመታው እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ያውም ዘግየት ብሎ። ጠባሳው እስከ ነሐሴ አልለቀቀኝም። ጤና አዳም ጤና ነሣኝ። እጅጌና ጓንት አድርጉ፣ ደመና ያለበትን ቀን ምረጡ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። እማዬን ስትቆርጥ ለምን እንደማያቃጥላት ብጠይቃት "እኔ ለቡና አንድ ጫፍ ነው የምቀነጥሰው፣ አንቺ ደን የምትመነጥሪ ይመስል!" አለችኝ።

## ፈሰስ

ሰኔ ላይ ማሰሮው ሞልቶ ነበር። ከአዲሱ ቀንበጥ ጣት የሚያህል ርዝመት ያላቸው አራት ጫፎች ቆርጬ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰካሁ። ሦስቱ ሥር አወጡ። አንድ ጠዋት ደግሞ ዋናው ላይ አረንጓዴና ጥቁር ሸንተረር ያላቸው አባጨጓሬዎች ተሰልፈው አገኘሁ። የጥቁር ቢራቢሮ ልጆች ናቸው፣ ጤና አዳም ይወዳሉ። ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ለእናንተ ነው እንዴ ያዳንኩት አልኳቸው። ግማሹን በሉት። ተውኳቸው። እንደገና አቆጠቆጠ።

ዋናው ሥራ መሬቱ ነበር። እማዬ "ፈሰስ አውጪለት" አለችኝ። ፈሰስ ማለት ውሃ ከእርሻ እንዲወጣ በበሬ ወይም በዶማ የሚቀደድ ቦይ ነው። ከቤቱ በስተደቡብ፣ ፀሐይ በሚውልበት በኩል 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ሠራሁ። አሸዋ የበዛበት አፈር ሞላሁበት። ከላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ሳይሆን ጠጠር በተንኩ፣ ግንዱ ግርጌ እርጥብ ነገር እንዳይታቀፍ። የአሸንዳውን ቱቦ በሌላ ቱቦ አስረዝሜ ሦስት ሜትር ያህል ከቤቱ አራቅሁት። ከአፉ ጀምሮ ደግሞ ፈሰስ ቀደድኩ። ሥራዬን በቪዲዮ አሳየኋት። ኮራ ብዬ ነበር።

"ጎበዝ" አለችኝ። ከዚያ "ፈሰሱ መጨረሻው የት ነው?" ስትል ጠየቀችኝ።

"እዚያ... አጥሩ ጋ።"

"ከአጥሩ ወዲያስ?"

አጎቷ ከላይ ካለው ባለ እርሻ ጋር በፈሰስ ምክንያት ሁለት ዓመት ሳይነጋገር እንደቆየ ነገረችኝ። የላይኛው ውሃውን ከማሳው ያስወጣል፣ የወጣው ውሃ የታችኛውን አፈር ጠርጎ ይሄዳል። ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቁት። "ጎረቤትሽ ላይ እንዳትለቂው" አለችኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ጃንጥላና ባትሪ ይዤ ወጣሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ጋቢ ይዤ የወጣሁበት ጓሮ ነው። ጤና አዳሙን አላየሁትም። ቀጥታ ወደ ቱቦው ሄድኩና ውሃውን በባትሪ እየተከተልኩ ወረድኩ። በፈሰሱ አለፈ። አጥሩ ሥር ደረሰ። በአጥሩ ሥር ሾለከና የጎረቤቴ አበባ መደብ ውስጥ ገባ፣ እዚያም ተኛ።

ጎረቤቴ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። በማግሥቱ በራቸውን አንኳኳሁና ውሃዬ ግቢያችሁ ገብቷል አልኳቸው። ቦት ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ቆመን አየነው። አልተቆጡም። ካውንቲው፣ የአካባቢያችን አስተዳደር፣ የዝናብ ውሃ በየግቢው እንዲሰርግ ለሚያደርጉ ሰዎች ከወጪያቸው ከፊሉን የሚመልስበት ሬይንስኬፕስ የሚባል ፕሮግራም እንዳለው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ በኔው በኩል፣ ከአጥሩ ሁለት ሜትር ገባ ብለን ጎድጓዳ ቦታ ቆፈርን። እሳቸው በአካፋ፣ እኔ በዶማ። እርጥበት የሚወድ አበባ ከራሳቸው ግቢ አምጥተው ተከሉበት።

ስንጨርስ በሰኔ ካበቀልኳቸው ችግኞች አንዱን በማሰሮ ሰጠኋቸው። አሸንዳ ሥር እንዳይተክሉት አስጠነቀቅኳቸው። አንድ ቅጠል ቀንጥሰው በጣታቸው አሹትና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ፊታቸው ተኮማተረ።

"ይህን ነው ቡና ውስጥ የምትከቱት?" አሉኝ።

ስልኬ ጮኸ። ቅዳሜ ነበር። አነሣሁትና ሳትጠይቀኝ ካሜራውን ወደ ጉድጓዱ አዞርኩት።